ታቦትም ንጉሥም የነገሠበት ደብር

ወር በገባ በ23 ማለዳ ፒያሳ በነጠላ ትነጣለች። ጧፍ ሻጮች ደጃፉን ይይዛሉ፤ ለሥራ የሚጣደፈውም ቢሆን ቆም ብሎ ሳያማትብ አያልፍም። ዕለቱ የጊዮርጊስ ነው።

የደብሩ ሙሉ ስም መናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲሆን ከተሜው ግን አራዳ ጊዮርጊስ ይለዋል። አራዳ የአዲስ አበባ ቀዳሚ ገበያ ነበር። በወረራው ዘመን ጣሊያን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ እስኪያዛውረው ድረስ ሸማቹም ተሳላሚውም በአንድ መንገድ ይመጡ ነበር።

የደብሩና የ23 ቁርኝት ከዐድዋ ይነሣል። ድሉ የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ ታቦቱም አብሮ እንደዘመተ ይነገራል። ከድሉ በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ይህን የድንጋይ ሕንጻ አሠሩ። በሥራው እጃቸው ካለበት ሰዎች አንዱ ሰባስቲያኖ ካስታኛ የተባለ ጣሊያናዊ መሐንዲስ መሆኑ ይገርማል።

የደጋው ደብር አብዛኛው ክብ ነው፤ ቅኔ ማኅሌቱ በውጭ፣ ቅድስቱ በመካከል፣ መቅደሱ በውስጥ። የአራዳው ሕንጻ ይህን ሥርዐት ሳይለቅ ክቡን ወደ ስምንት ማዕዘን ለወጠው። ጭቃና እንጨት እንደልብ ይጎብጣሉ፤ ለተጠረበ ድንጋይ ግን ቀጥ ያለ ግድግዳ ይስማማዋል። ከሩቅ ያየው ክብ ይመስለዋል፤ ሲዞረው ግን በየጥቂት እርምጃው አንድ ማዕዘን ይታጠፋል።

«መናገሻ» ያሰኘው የዘውድ በዓል ነው። ንግሥት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነገሡ፤ ዳግመኛ በጊዮርጊስ ዕለት።

በ1929 ዓ.ም.፣ በየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ሰሞን፣ ፋሺስቶች ደብሩን በእሳት አጋዩት። ጣሊያናዊ እጅ ያለበትን ሕንጻ ጣሊያን አቃጠለው። ከነጻነት በኋላ ታደሰ፤ ውስጡንም አፈወርቅ ተክሌ በሥዕል አስጌጡት።

ዛሬ የነገሥታቱ አልባሳት በግቢው ቤተ መዘክር ይጎበኛሉ። ዘውድ የሚጭን የለም። ሚያዝያ 23 ሲደርስ ግን «ንግሥ ነው» እየተባለ ሕዝቡ ይጎርፋል፤ ታቦቱም ወጥቶ ስምንቱን ግድግዳ ይዞራል።