አንድ አግዳሚ ባሮ ዳር ሲደርስ

ጋምቤላ ከተማ እስከ ዛሬ ሐዲድ አልደረሰባትም። ከተማዋን የፈጠረው ውል ግን ባቡርንም ያነሳ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ኢትዮጵያና ሱዳን ድንበር ሲፈራረሙ፣ አንዱ አንቀጽ በባሮ ወንዝ ላይ ኢታንግ አካባቢ የንግድ ጣቢያ እንዲከፈት ፈቀደ። የመሬቱ ልክም ተቆረጠ፤ በወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር፣ በጠቅላላው ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ። ተከታዩ አንቀጽ ደግሞ ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ ባቡር በኢትዮጵያ ምድር እንዲያልፍ መብት ሰጠ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተተከለ፤ ባቡሩ ወረቀት ላይ ቀረ።

ባቡሩ ቢመጣ ኖሮ ከብረቱ እኩል ያሳስብ የነበረው ሐዲዱ የሚያርፍበት አግዳሚ እንጨት ነው። ተሳፋሪ ዞር ብሎ የማያየው ይህ እንጨት ሦስት ሥራ አለው፤ ሁለቱን ሐዲዶች በልካቸው አጥብቆ ይይዛል፣ የባቡሩን ክብደት ለጠጠሩ ያካፍላል፣ ንዝረቱንም ያበርዳል። በመደበኛው ሐዲድ፣ ማለትም በ1,435 ሚሊ ሜትሩ፣ የተለመደው አግዳሚ 2 ሜትር ከ60 ያህል ርዝመት፣ 25 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው። በየ60 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ሲጋደም ለአንድ ኪሎ ሜትር ወደ 1,670 ይፈጃል። ይህ ከ160 ሜትር ኩብ በላይ የተጠረበ ጣውላ ነው፤ ለዚያውም ቅርፊቱና ብጣሹ ሳይቆጠር።

በዓለም ንግድ ውስጥ የእንጨት አግዳሚ የራሱ መደብ ያለው ዕቃ ነው። አገሮች በሚጋሩት የጉምሩክ መለያ ቁጥሩ 4406 ሲሆን፣ ኬሚካል የጠጣውና ያልጠጣው፣ የጥድ ወገን የሆነውና ያልሆነው ለየብቻ ይመዘገባል። የምዕራብ አውስትራሊያው ጃራ በመርከብ ብዙ አገር ዞሯል፤ ከካሜሩንና ከጋቦን የሚወጣው አዞቤ የአውሮፓን ሐዲድ ተሸክሟል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕንድ ውስጥ የሂማላያ ጥድ እየተቆረጠ በወንዝ ይለቀቅ ነበር። የሐዲዱ ረሃብ ጫካውን ሲያሰጋው ነው እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1864 የሕንድን የደን መሥሪያ ቤት ያቋቋሙት።

ዋጋው እንዴት ይወጣል? ገዢ የሚጠይቀው በፍሬ ቢሆንም ሻጭ የሚያሰላው በሜትር ኩብ ነው። ከላይ ባየነው ልክ አንድ ሜትር ኩብ አሥር ያህል አግዳሚ ይወጣዋል። ከዚያ የዛፉ ዓይነት፣ ድርቀቱ፣ የኬሚካሉ ወጪ፣ ጥራቱ ይታያል። ተረካቢው የግንዱን እምብርት ይፈልጋል፣ ጉጡን ይቆጥራል፣ የጫፉን ስንጥቅ ይለካል። ጫፉ እንዳይከፈት ጥርስ ያለው የብረት ሰሌዳ የሚመታበትም ለዚህ ነው። ዋናው ሸክም ግን ማጓጓዣው ነው። አዞቤ ውሃ ላይ የማይንሳፈፍ ከባድ እንጨት ስለሆነ አንዱ አግዳሚ ብቻ ከ100 ኪሎ ይበልጣል። 24 ቶን የሚጭን መኪና 230 ያህሉን ይዞ ይሄዳል፤ ለአንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ሰባት መኪና ሞልቶ ጥቂት ይተርፋል። ጫካ ውስጥ ርካሽ የሆነው እንጨት ወደብ ሲደርስ ሌላ ዋጋ፣ ባሕር ሲሻገር ደግሞ ሌላ ዋጋ ያለው ዕቃ ነው።

ጋምቤላ ይህን ሒሳብ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ከጎሬና ከደምቢዶሎ የሚወርደው ቡና፣ ሰምና ቆዳ በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም በሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ይጫን፣ በምትኩ ጨውና አቡጀዲ ይራገፍ ነበር። ወንዙ ሲጎድል ንግዱም ይቆማል። መርከቦቹን ኋላ ላይ ያስተዳደረው ደግሞ የሱዳን ምድር ባቡር ነበር፤ ሐዲድ ያላየች ከተማ የባቡር ድርጅት ደንበኛ ሆና ኖረች ማለት ነው። ይኸው ድርጅት ለሐዲዱ አግዳሚ በአባይ ዳርቻ ጎርፍ ከሚተኛበት ደን የሚቆረጠውን ሱንት የተባለ ጠንካራ የግራር ዘር ይጠቀም ነበር። እንጨቱ ከውሃው ዳር ስለሚበቅል ማጓጓዣው ከአውስትራሊያ ከማስመጣት ይቀል ነበር። የጋምቤላ ጣቢያ በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰ።

ምስጥስ? በጋምቤላ የቤት ምሰሶ ያየ ሰው ጥያቄውን አያልፈውም። ከመሬት ተነስቶ እንጨቱን እየታከከ የሚወጣ ቀይ የጭቃ ቱቦ ከታየ ውስጡ ተበልቷል። ለዚህ የተገኘው መድኃኒት ክሪዮሶት ነው። ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚወጣ ጥቁር ዘይት ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ጆን ቤትል እ.ኤ.አ. በ1838 በግፊት እንጨት ውስጥ የማስረጊያውን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። የአግዳሚን ዕድሜ በብዙ ዓመት ያራዝማል፤ ነገር ግን ካንሰር አምጪ በመሆኑ አውሮፓ አጠቃቀሙን እያጠበበች ነው። ሰሜን አሜሪካ ግን እስከ ዛሬ አብዛኛውን ሐዲዷን የምታሳርፈው በእንጨት ላይ ነው። ጫካውም ፋብሪካውም እዚያው ነውና አያስገርምም።

ኢትዮጵያ ከመጀመሪያውም ሌላ መንገድ ነው የያዘችው። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ጠባቡ ሐዲድ በብረት አግዳሚ ላይ ተነጠፈ። በደረቁ የአፋርና የሶማሌ ሜዳ እንጨት ከየት ይመጣል? መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ በኮንክሪት ላይ ይሮጣል። ኮንክሪት ምስጥ አይበላውም፤ ሲሚንቶውና ጠጠሩም እዚሁ ይገኛል።

የጋምቤላ ክልል እንጨት አላጣም። በአቦቦ ቆላማ ደን ውስጥ በዓለም ገበያ ኢሮኮ የሚባለው፣ ምስጥን የሚቋቋም ዛፍ ይበቅላል። በመዠንግር ዞን ያለው ደን ግን በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰውና የተፈጥሮ ጥብቅ ቀጣና ሆኖ ተመዝግቧል፤ በጥላው ሥር ቡናና ማር ይመረታል። ጥላውን ቆርጦ ሐዲድ ሥር ማስተኛት ቡናውን ከነማሩ ማጣት ነው።

በአገር አቀፉ የባቡር መረብ ዕቅድ አንዱ መስመር በጅማ በኩል አልፎ ጋምቤላ ክልል ውስጥ ያለችውን ዲማን ነክቶ ወደ ደቡብ ሱዳኑ ቦማ ይዘልቃል። ሥራው አልተጀመረም። ሲጀመር አግዳሚው ኮንክሪት መሆኑ አያጠራጥርም፤ የማጓጓዣው ሒሳብ ግን እዚያም ይከተላል። አንዱ የኮንክሪት አግዳሚ 280 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ 24 ቶን የሚጭን መኪና 85ቱን ብቻ ስለሚችል ለአንድ ኪሎ ሜትር ሃያ ምልልስ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ጋምቤላ ከተማ ድረስ ብቻ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ሐዲድ ዘርጊዎች አግዳሚውን ከሩቅ ከማመላለስ ይልቅ ማምረቻውን መስመሩ ላይ ይተክላሉ፤ ለምዕራቡ መስመርም ከሐዲዱ ቀድሞ የሚታየው ይኸው ማምረቻ ነው የሚሆነው።