ቋንቋውን ባያውቁትም ልጅዎን ማስጠናት ይችላሉ

ማታ ማታ ተማሪ ባለበት ቤት ሁሉ የሚሰማ አንድ ዓይነት የጥናት ዜማ አለ። ልጁ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይጠራል፤ ፊደላቱን ይደረድራል፤ የአማርኛ ፍቺውን ይናገራል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሃያውንም ቃል እንዲህ በቃሉ ይወጣዋል። በማግሥቱ መምህሩ ከመካከል አንዱን መዝዞ ሲጠይቀው ግን ይጠፋበታል። በዚህ ጊዜ «ልጄ ትምህርት አይገባውም» ከማለት በፊት ያጠናበትን መንገድ መመርመር ይገባል።

ጉዳዩ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ በጎንደር ከተማም ሆነ በላይ አርማጭሆ በትክል ድንጋይ፣ በአማርኛ ያደገ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተናም በዚሁ ቋንቋ ይሰጣል። ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። የዚያ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ልጅ መልሱን ቢያውቀው እንኳ ሊሠራው አይችልም።

ታዲያ እንግሊዝኛ ያልተማረች እናት ምን ልታደርግ ትችላለች? መልሱ ከራሳችን የፊደል ትምህርት ይገኛል። የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ልጁ «ሀ ሁ»ን በዜማ ከወጣው በኋላ፣ ፊደሉን በሌላ ተራ አሰልፎ «አቡጊዳ» ያስቆጥረዋል። ዜማውን የያዘ ልጅ ሁሉ ፊደሉን ለይቷል ማለት አይደለምና። በድምፅ አንድ የሆኑትንም ፊደላት በቃል እያዛመደ ያስጠናዋል፦ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ እያለ። በግእዝ «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ፣ ታየ ማለት ነው፤ ለፀሐይ ይነገራል። በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን ሌብነት ይሆናል። ጆሮ ያልለየውን ፊደል ለየው።

እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። «ኬ» እና «ኤን» የሚባሉት ፊደላት ተከታትለው ቃል ሲጀምሩ «ኬ» ይጻፋል እንጂ አይሰማም። ናይፍ ቢላ፣ ኒ ጉልበት፣ ኖት ቋጠሮ፣ ኖክ ማንኳኳት ናቸው፤ ሁሉም በ«ኬ» ይጀምራሉ። «ኖው» በ«ኬ» ሲጻፍ ማወቅ ነው፤ ያለ «ኬ» ሲጻፍ «አይደለም» ማለት ይሆናል። «ናይት»ም ያለ «ኬ» ሌሊት፣ በ«ኬ» ደግሞ የጥንቱ ባለማዕርግ ፈረሰኛ ነው። እነዚህን ቃላት አንድ በአንድ በየገጹ በትኖ የሚያጠና ልጅ «ኬ»ን ይረሳል። በአንድ ቤት ሰብስቦ የሚያጠናቸው ግን አንዱን ሲያስታውስ ሌሎቹ ተከትለው ይመጡለታል።

«ደብልዩ» እና «አር» ሲከታተሉ ደግሞ «ደብልዩ» ዝም ይላል። ራይት መጻፍ፣ ሮንግ ስሕተት፣ ሪስት የእጅ አንጓ፣ ራፕ መጠቅለል ነው። ልብስ አጥበው ጠምዝዘው ሲጨምቁ ደግሞ ሥራዎ «ሪንግ» ይባላል፤ «ደብልዩ»ው ሲቀር ያው ድምፅ ቀለበት ይሆናል። ከእነዚህ ቃላት ብዙዎቹ የመጠምዘዝና የመጠምጠም ሐሳብ እንዳለባቸው ልብ ይበሉ። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ኬ»ም «ደብልዩ»ም ይሰሙ ነበር፤ አንደበት ሲተዋቸው ጽሕፈት ያዛቸው። የእኛዎቹ ሠ እና ሰ ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ነገር ግን ፊደል የተጋራ ሁሉ ዘመድ እንዳልሆነ ለልጅዎ ያስረዱት። በ«ጂ» እና «ኤል» ከሚጀምሩት ቃላት ግሎው እንደ ፍም መጋል፣ ግሊተር መብለጭለጭ፣ ግሊም ማንጸባረቅ ናቸው፤ ሦስቱም ስለ ብርሃን ይናገራሉ። ግላቭ ግን ጓንት ነው፤ ግሉ ደግሞ ማጣበቂያ ነው። ምሳሌው በአማርኛም አለ። የትክል ድንጋይ «ትክል» ከተከለ የመጣ ነው፤ ተክልና ተከላም የእርሱ ወገኖች ናቸው። «ትክክል» ግን በመልኩ ይምሰላቸው እንጂ ወገንነቱ ከእኩል ጋር ነው። ስለሆነም ፊደሉ የሚያገለግለው ቃሉን ለማስታወስ ነው፤ ፍቺውን ከመዝገበ ቃላት ወይም ከመምህር ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በቤት ውስጥ የሚሠራበት ዘዴ ይህ ነው። አንደኛ፣ ለዚሁ ሥራ አንድ ደብተር ይለይ፤ ለየአንዳንዱ የፊደል ቤተሰብም አንድ ገጽ ይሰጠው። ሁለተኛ፣ በአንድ ማታ ከአምስት ቃል አይለፍ። ሦስተኛ፣ ከየቃሉ አጠገብ የአማርኛ ፍቺውና ከቤት ኑሮ የተወሰደ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ስለ ቢላው፣ ስለ በሩ፣ ስለ ሻሹ ቋጠሮ። አራተኛ፣ ጥያቄው ከአማርኛው ይነሣ፤ ቅደም ተከተሉም እንደ አቡጊዳ ይቀያየር። እርስዎ «ጉልበት» ይበሉ፤ ልጁ ቃሉን በእንግሊዝኛ ተናግሮ ፊደሉን ሳያይ ይጻፍ፤ ከዚያ ደብተሩን ገልጦ ራሱ ያመሳክር። ለዚህ እንግሊዝኛ ማወቅ አያሻዎትም። እንጀራ እየጋገሩም፣ ቡና እየቆሉም ሊጠይቁት ይችላሉ። አምስተኛ፣ የዛሬው ቃል በማግሥቱ፣ እንደገናም በሳምንቱ ይጠየቅ። የተሳሳተውን አይሳቁበት፤ ከጎረቤት ልጅም ጋር አያወዳድሩት።

ከፋብሪካ ወይም ከመሥሪያ ቤት ደክማ ለምትገባ እናት ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አባትም ቢሆን ከዚህ ሥራ ነፃ አይደለም።

በመጨረሻም ስለ ሴት ልጅዎ አንድ ነገር እናሳስብዎታለን። ወንድሟ ደብተሩን ዘርግቶ ሲቀመጥ እርስዋ ውሃ ልትቀዳ፣ ዕቃ ልታጥብ የምትነሣ ከሆነ፣ 9ኛ ክፍል ስትደርስ በትምህርት ወደኋላ ብትቀር ጥፋቱ የእርስዋ አይደለም። ሥራው ለሁለቱም ይከፈል፤ ሩብ ሰዓቷ አይነካባት። እናቷ ያላገኘችውን ዕድል እርስዋ እንድታገኝ ከፈለጉ፣ ከዛሬ ማታ ጀምረው አምስት ቃል ይጠይቋት።