የጽኑ ሕሙማን የሞት ሥጋት በነጥብ የሚመዘንበት ዘዴ

የጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚገባ ታካሚ የሕመሙ ክብደት በሐኪም ግምት ብቻ ሳይሆን በነጥብም ይመዘናል።

ለዚህ ተግባር በስፋት ከሚታወቁት መለኪያዎች አንዱ አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ናውስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1985 ይፋ ያደረጉት «አፓቼ 2» ነው። መለኪያው የተፈተነው ከ13 ሆስፒታሎች በተሰበሰበ የ5 ሺህ 815 ጽኑ ሕሙማን መረጃ ነበር።

በዚህ ዘዴ የሰውነት ሙቀት፣ የደም ግፊትና የልብ ምትን ጨምሮ 12 ምልክቶች በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ይመዘገባሉ። ከእያንዳንዱም ከጤናማው መጠን ይበልጥ የራቀው ልኬት ተወስዶ ነጥብ ይሰጠዋል። የዕድሜና ሥር የሰደደ በሽታ ነጥብ ሲታከል ድምሩ ከ0 እስከ 71 ይደርሳል። ነጥቡ በጨመረ ቁጥር የሞት ሥጋቱም ይጨምራል።

ይሁን እንጂ ትንበያው የአንድን ግለሰብ ዕጣ አይወስንም። ለምሳሌ ተመሳሳይ ነጥብ ካላቸው 100 ሕሙማን 40ዎቹ ሊሞቱ እንደሚችሉ ቢገመት፣ እነማን እንደሆኑ አያመለክትም። በመሆኑም ነጥቡ ብቻውን ሕክምና ለማቋረጥ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ለጤና ኃላፊዎች ግን ጠቀሜታው የጎላ ነው። ሆስፒታሎችን በሟቾች ቁጥር ብቻ ማወዳደር ከባድ ሕሙማንን የሚቀበለውን ተቋም ያለ ጥፋቱ ያስወቅሳል። የተገመተውና በተጨባጭ የደረሰው ሞት ሲነጻጸር የአገልግሎቱ ጥራት በተሻለ ፍትሐዊነት ይመዘናል።