ውሻ ይዞ ሽርሽር፣ ያውም ጅግጅጋ!

«ውሻ ይዞ ሽርሽር? ያውም ጅግጅጋ? ኧረ ምን ነካህ!» ይህን ያላለኝ ጓደኛ የለም ማለት ይቻላል። አልፈርድባቸውም። እዚህ ከተማ ውሻ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ያለውም ግቢ እንዲጠብቅለት ነው እንጂ ከጎኑ አስከትሎ ሊንሸራሸር አይደለም። እኔ ግን ለሥራ ወደዚህ ስመጣ ቡቺን ጥዬ መምጣት አልሆነልኝም። ይኸው ጠዋት ጠዋት አብረን ከከተማ መውጣት ከጀመርን ዓመታት ተቆጠሩ። ሰሞኑን ውሻ ያላቸው ሁለት ሦስት ወጣቶች «የት ነው የምትወስደው? ሰውስ እንዴት ዝም አለህ?» ብለው ስለጠየቁኝ መልሱ ለሁላችሁም ይድረስ ብያለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንግባባ። የእኛ አካባቢ ሽርሽር የሚበላሸው በመንገዱ አይደለም፣ በባለቤቱ ጠባይ ነው። «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባል የለ? አዲስ አበባ እንደለመዳችሁት ውሻችሁን ለቃችሁ «አይናከስም፣ አትፍሩ!» ብትሉ ማንም አይሰማችሁም። እዚህ ማሰሪያው የሚያስፈልገው ከውሻው ይልቅ ለጎረቤት ሰላም ነው።

የት እንሂድ?

ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ጠዋቷ ቀዝቀዝ ያለ ነው። በምሥራቅ በኩል ወደ ቶጎ ውጫሌና ወደ ቀብሪ በያህ የሚወስዱት መንገዶች ሜዳ ላይ ናቸው። ዋናውን አስፋልት ለመኪናው ትታችሁ፣ በማሽላና በበቆሎ ማሳዎች መሀል ያለውን የእግር መንገድ ያዙ። ዓይን እስከሚደርስ ድረስ ግልጥ ያለ ስለሆነ መንጋ ሲመጣ ከሩቅ ታያላችሁ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም። በተለይ የከረን ዝናብ አልፎ መስከረምና ጥቅምት ሲሆን ሜዳው ይለመልማል።

በምዕራብ ካራማራ አለላችሁ። ይህ ተራራ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦር የተፋለሙበት ነው። በጦርነቱ ጊዜ በአካባቢው ፈንጂ ተቀብሮ ነበርና፣ ሰውና ከብት ዘወትር ከሚረግጠው መንገድ ንቅንቅ አትበሉ። ውሻ ደግሞ ጥንቸል ካየ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው የሚገባው። እዚህ ማሰሪያ መፍታት የለም፤ በቃ! የወታደር ካምፕ ወይም ኬላ ሲገጥማችሁም ዞር ብሎ መመለስ ነው።

መኪና ያለው ጓደኛ ካላችሁ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ፣ ባቢሌ ሳትደርሱ የዳካታ ሸለቆን ታገኛላችሁ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሮ «አሁን ወደቀ፣ አሁን ወደቀ» የሚያሰኝ ቦታ ነው። ዝንጀሮ ስላለ ግን ውሻችሁን አጠገባችሁ ያዙት፤ ወንዱ ዝንጀሮ ጥርሱ ቀላል አይደለም።

«እዚህ ድረስ ከመጣን ዝሆኖቹንስ ብናይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ወደ ባቢሌ የዝሆን መጠለያ ስትሄዱ ውሻው ቤት ይቅር። ለምን መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2004 ባሌ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ከሰው ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎቹ ተዛምቶ ብዙዎቹን ፈጅቷል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ደግሞ 500 እንኳ አይሞሉም።

የሽንሌና የኤረር ልጆች፣ የእናንተ ነገር ለየት ይላል። እናንተ ጋ ጠላታችሁ ሙቀቱ ነው። የእጃችሁን ጀርባ አሸዋው ላይ አስቀምጡና እስከ አምስት ቁጠሩ። እናንተን ካቃጠላችሁ የውሻችሁንም መዳፍ ያቃጥለዋል፤ ወደ ቤት!

ሰዓት ይከበር

ጥሩው ሰዓት ከንጋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ነው። ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ግን ከከተማ ውጪ ውሻ ይዞ መገኘት ጅብን እራት እንደ መጋበዝ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት የሚያስቀው ውሻው በሕይወት ስላለ ነው።

የጎረቤት ነገር

ጅግጅጋ ውስጥ አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው፤ የሚከተለውም የሻፊዒን መዝሀብ ነው። በዚህ መዝሀብ የውሻ ምራቅ ዕቃ ወይም ልብስ ከነካ ሰባት ጊዜ መታጠብ አለበት፣ አንዱም በአፈር። እስቲ አስቡት! ከሱብሂ ሶላት የሚመለስ አዛውንት ላይ ውሻችሁ በደስታ ቢዘልባቸው ለእናንተ ጨዋታ ነው፤ ለእሳቸው ግን እንደገና ልብስ ማጠብ ነው። ስለዚህ ከመስጊድ ሰው በሚወጣበት ሰዓት በሌላ ቅያስ እለፉ። ሰው ሲመጣ ማሰሪያውን አሳጥሩና «ነበድ!» ብላችሁ ሰላምታ ስጡ።

ይህ ማለት ሃይማኖቱ ውሻን አሠቃዩ ይላል ማለት አይደለም። ለተጠማ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ እንደተማረለት የሚናገር ሐዲስ አለ። በቁርኣንም የዋሻው ባልደረቦች ሲተኙ ውሻቸው ደጃፉ ላይ ነበር። የቤት አከራዬ፣ ኤዶ ነው የምላቸው፣ ቡቺን መጀመሪያ ሲያዩት «ወሪያ! ወይ ውሻው ወይ ቤቱ!» ነበር ያሉኝ። ሰሃኑ ለብቻ፣ መኝታው በር አጠገብ፣ ሲገባና ሲወጣ በማሰሪያ መሆኑን ካዩ በኋላ «እሺ ይቆይ፤ ምንጣፌን ግን እንዳይረግጥ» አሉ። እስከ ዛሬም አልረገጠም።

ፍየልና ቢርካ

ሜዳው ላይ የምታገኟቸው እረኞች ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። «ኤይ! ኤይ!» ብለው ድንጋይ ቢያነሱ አትቆጡ፤ «ኤይ» በሶማልኛ ውሻ ማለት ነው፣ ልጆቹም መንጋቸውን እየጠበቁ ነው። ራሷ ጥቁር ሰውነቷ ነጭ የሆነችው የሶማሌ በግ ለዚያ ቤተሰብ ባንክ ናት። ውሻችሁ አንዷን ቢያስደነብርና ብትሰበር ካሳው ይቅርና ጠቡ አይቻልም። ቆማችሁ መንጋው ይለፍ።

ውሃ ደግሞ ከቤት ይያዝ። ቢርካ ስታዩ ኩሬ እንዳይመስላችሁ። ሰው ለፍቶ ቆፍሮ የዝናብ ውሃ ያጠራቀመበት፣ ቤተሰብ የሚጠጣው ነው። ውሻ አፉን እንዲያስገባበት መፍቀድ ነውር ነው፣ ነውር!

አሁን ዋናው ነገር

ባለፈው ዓመት በሰፈራችን አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ባለቤት የሌለው ውሻ ነከሰው። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። አንዷ በርበሬ ይነስነስበት አለች፣ ሌላው ይተኮስ አለ። ደግነቱ የልጁ አክስት ጤና ጣቢያ ትሠራ ስለነበር ማንንም ሳትሰማ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጠበችና ወዲያው ለክትባት ወሰደችው። ልጁ መርፌውን በየቀጠሮው ጨርሶ ዛሬ ኳስ ይጫወታል።

በዚያው ምሽት ግን አምስት ሰዎች ወደ እኛ ግቢ መጡ። «የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ይወገድ» ነው ነገሩ። ቡቺ ማንንም አልነከሰ፣ ግን እሱም ውሻ ነዋ! ያን ቀን ያዳነው የእኔ ልመና አይደለም። የክትባት ወረቀቱን አወጣሁ፤ ቀኑ አላለፈበትም። አንድ ሽማግሌ መብራት አስበርተው አነበቡትና «ይህኛው ይቅር» አሉ። ኤዶም ከበር ላይ ሆነው «እኔ ምስክር ነኝ፣ ያለ ገመድ ወጥቶ አያውቅም» አሉ። አያችሁ? ወረቀቱና ገመዱ ናቸው የተናገሩለት።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ሰውን የሚይዘው ደግሞ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ በውሻ በኩል ነው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 የተነከሰ ልጅ ከትቦ ካዳነ ወዲህ ግን መከላከያ አለው። ስለዚህ ውሻችሁን ሦስት ወር ሲሞላው አስከትቡ፣ በየዓመቱም ድገሙ፣ ወረቀቱን አትጣሉ። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የትል መድኃኒቱንም ጠይቁ። በዓል ሲመጣም ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ጥሬውን አትጣሉለት፤ ከዚያ የሚይዘው የኮሶ ትል ተመልሶ ሰውን ያሳምማል።

ይኸው ነው እንግዲህ፣ ውድ አንባብያን። ማሰሪያ፣ ውሃ፣ የክትባት ወረቀት፣ ከዚያ «ነበድ» የምትል ቃል። እነዚህን ከያዛችሁ ሜዳው ሰፊ ነው። እናንተስ የምትወዱት መንገድ የትኛው ነው? ጻፉልንና እንወያይበት። እስከዚያው መልካም ሽርሽር!