የተራራ ተጓዥና እግሩ

እሑድ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ተማሪም ሆነ፥ በዕረፍቱ ወራት ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ወደ ራስ ደጀን የሚዘልቅ ወጣት ሠራተኛ፥ ስንቁንና ልብሱን አስቦ ያዘጋጃል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ የሚሄደውን እግሩን ግን ብዙውን ጊዜ ይረሳዋል።

አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ያልሰማ የለም። ነገር ግን እግሩ በልምምድ የጠነከረ ነበር፤ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ሲያሸንፍም ጫማ አድርጎ ነበር። ሳይለማመዱ በባዶ እግር መሄድም፥ ባልተለመደ ጫማ መሄድም ሁለቱም ይጎዳሉ። ስለዚህ አዲስ ጫማ ለጉዞው ቀን አይቆይ፤ አስቀድሞ ሁለት ሦስት ሳምንት ይደረግ። ሲገዛም ወደ ማምሻው ይለካ፤ እግር ሲውል ያብጣልና።

እግር ውኃ የሚቋጥረው ከጫማ ጋር ሲፋተግ ነው፤ ላብ ሲጨመርበት ይብሳል። ስለሆነም ላብ ከሚይዘው ከጥጥ ካልሲ ይልቅ የሱፍ ካልሲ ይመረጣል። ቁልቁለት ሲጀመርም እግር ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጥፍር እንዳይጎዳ፥ የጫማው ማሰሪያ በቁርጭምጭሚት በኩል ጠበቅ ይደረግ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ተረከዝ ወይም ጣት ማቃጠል ሲጀምር ወዲያው መቆም ነው። ብዙ ወጣት ደካማ እንዳይባል ሕመሙን ችሎ ይጓዛል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ጓደኞቹ ሁሉ ለእርሱ ሲሉ ይቆማሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ ጫማ አውልቆ እግርን ማድረቅና ፕላስተር መለጠፍ ብዙ ጊዜ አይፈጅም።

ውኃ የቋጠረው ካላሳመመ አይነካ፤ ቆዳው ራሱ መከላከያ ነውና ይሸፈን ብቻ። ትልቅ ሆኖ መራመድ ከከለከለ፥ እጅንና ስፍራውን በሳሙና ታጥቦ፥ በአልኮል በጸዳ መርፌ ጠርዙን ወጋ አድርጎ ውኃውን ማፍሰስ፥ ቆዳውን ሳይልጡ በንጹሕ ፋሻ መሸፈን ነው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ግን ራሱ አይብሳው። መግል፥ እየጨመረ የሚሄድ እብጠት ወይም ትኩሳት ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

ወለምታ የደረሰበት እግር ወዲያው አይታሽ፥ አይጎተት። ይረፍ፤ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ ይደረግበት፤ በፋሻ ይጠምጠም፤ ከፍ ተደርጎ ይቀመጥ። አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው ሰው አጥንቱ ተሰብሮ ሊሆን ይችላልና በእግሩ እንዲሄድ አይገደድ።

እንግዲህ ፋሻ፥ ፕላስተር፥ መርፌ፥ ጥቂት አልኮልና ትርፍ ካልሲ በትንሽ ከረጢት ይያዙ። ተራራ የወጣ ሁሉ በዚያው እግሩ መውረድ አለበትና።