መዝገቡን ማን ያያል? የሰማያዊ ፓርቲ መነሣትና መክሰም



ዛሬ የተሰበሰብንበት የለቡ አካባቢ ከተማዋ ሳትደርስበት የእርሻ መሬት ነበር። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት አገር ማሳ ወደ ቤት መሥሪያ ቦታ የሚለወጠው በመዝገብና በፊርማ ነው። ስለ መሬት ሙስና ስንነጋገርም መሠረታዊው ጥያቄ ያንን መዝገብ የማየት ሥልጣን የማን ነው የሚለው ነው። የሰማያዊ ፓርቲን ታሪክ የምመረምረው ከዚህ አንጻር ነው።

ሰማያዊ ፓርቲ በ2004 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ ከአንድነት ፓርቲ የወጡ ነበሩ። ሊቀመንበሩ ኢንጂነር ይልቃል ጌትነት ሆኑ። ሙስና ብቸኛ አጀንዳው አልነበረም። ሆኖም ግንቦት 25 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጠራው ሰላማዊ ሰልፍ የታሰሩ ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች እንዲፈቱ ከመጠየቁ ጋር ሙስናን፣ የኑሮ ውድነትንና ሥራ አጥነትን አንሥቷል። ከምርጫ 97 ቀውስ በኋላ በመዲናዪቱ እንዲህ ያለ የተቃዋሚ ሰልፍ ባለመታየቱ የፓርቲው ስም ወዲያው ገነነ።

ይሁን እንጂ ፀረ ሙስና ትግሉን የያዘው መንግሥት ራሱ ነበር። በ1993 ዓ.ም. የተቋቋመው የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በዚያው ግንቦት የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣንን ዋና ዳይሬክተር በቁጥጥር ሥር አዋለ፤ ክሱ በ2010 ዓ.ም. ተቋረጠ። ማን እንደሚከሰስ፣ ክሱም መቼ እንደሚነሣ የሚወስነው መንግሥት እንጂ ተቃዋሚው አልነበረም።

በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ያዙ። የዋና ኦዲተር ሪፖርት የሚቀርበው ለምክር ቤቱ ስለሆነ፣ መቀመጫ የሌለው ፓርቲ ባለሥልጣናትን በሪፖርቱ መሠረት ሊጠይቅ አይችልም። ለሰማያዊ የቀረለት መግለጫና ሰልፍ ብቻ ነበር። በ2009 ዓ.ም. አመራሩ ተከፋፍሎ ውዝግቡ እስከ ምርጫ ቦርድ ደረሰ፤ አቶ የሺዋስ አሰፋም ሊቀመንበር ሆኑ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ፓርቲው ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ኢዜማ ሲመሠረት ሰማያዊ የሚለው ስም ከሰመ።

ጥያቄው ግን አልከሰመም። ኢዜማ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ስለ አዲስ አበባ ሕገ ወጥ የመሬት ወረራና የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕደላ ያካሄደውን ጥናት ይፋ አደረገ። ከሰልፍ ወደ ማስረጃ መሸጋገሩ ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ጥናት የሚያጋልጠውን የሚያርም ምክር ቤት፣ ኦዲተርና ፍርድ ቤት ከሌለ፣ ፀረ ሙስና ፓርቲ ሕዝብን ሊያነቃ ይችላል እንጂ መዝገቡን ሊያስከፍት አይችልም።