በሰው አገር ለወደቁት እናት የሆኑ ወይዘሮ

በፈረንሳይ አገር፥ በኖርማንዲ አውራጃ፥ ሴንት ሜር ኤግሊዝ የምትባል መንደር አለች፤ ትርጓሜዋም ቅድስት እናት ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው።

ለግንቦት 29 ቀን 1936 ዓመተ ምሕረት (በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1944) አጥቢያ፥ በሌሊት፥ በአደባባይዋ አጠገብ አንድ ቤት ተቃጠለ። የመንደሪቱ ሹም ሙሴ አሌክሳንድር ረኖ ደወል አስደውለው ሕዝቡ ውሃ በባልዲ እየተቀባበለ ሲያጠፋ፥ የአሜሪካ ወታደሮች በጃንጥላ ከሰማይ ይወርዱ ጀመር። በእሳቱ ብርሃን ስለ ታዩም አንዳንዶቹ ምድር ሳይረግጡ በጀርመኖች ጥይት ሞቱ። ጆን ስቲል የተባለው ወታደር ጃንጥላው በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ላይ ተይዞበት፥ እግሩን ቈስሎ፥ እንደ ሞተ ሰው ተንጠልጥሎ ቈየ። ይህ ሁሉ ሆኖ መንደሪቱ በዚያው ሌሊት ከጀርመን አገዛዝ ነፃ ወጣች።

ቤቱ በተቃጠለበት ስፍራ በ1956 ዓ.ም. ቤተ መዘክር ተከፈተ። በግንቡም ላይ የዚያ ወታደር አምሳል ከነጃንጥላው ተሰቅሏል። በቤተ ክርስቲያኑ የመስታወት መስኮት እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፥ በጃንጥላ የሚወርዱት ወታደሮች በዙሪያዋ ተሥለዋል፤ ንድፉን ያወጣው የሹሙ ልጅ ፖል ነው።

እኛ ግን ከዚህ ሁሉ በልጦ ያገኘነው የሹሙን ባለቤት የወይዘሮ ሲሞን ረኖን ሥራ ነው። በጦርነቱ የሞቱ በሺህ የሚቈጠሩ አሜሪካውያን በመንደሪቱ ዙሪያ ተቀብረው ነበርና፥ ወይዘሮዋ መቃብራቸውን ይጠብቁ ነበር። በዚያው ክረምት በጄኔራል ቴዎዶር ሩዝቬልት መቃብር ላይ አበባ ሲያኖሩ የተነሡት ፎቶግራፍ ላይፍ በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ወጣ። ይህን ያዩ እናቶችና ሚስቶች የሟቻቸውን መቃብር እንዲፈልጉላቸው ይጽፉላቸው ጀመር። እሳቸውም መቃብሩን እየፈለጉ፥ አበባ እያኖሩ፥ ፎቶግራፉን እየላኩ መልስ ሰጡ። በ1940 ዓ.ም. ዐፅሙ ከዚያ ተነሥቶ እኩሌታው ወደ አገሩ፥ የቀረውም ኮልቪል ወዳለው መካነ መቃብር ከተዛወረ በኋላ እንኳ ደብዳቤው አልተቋረጠም።

የድንጋይ ሐውልት ለሠራዊቱ ሁሉ አንድ ሆኖ ይቆማል፤ እናት ግን የምትጠይቀው ስለ ሠራዊቱ ሳይሆን ስለ አንዱ ልጇ ነው። ሬሳ ሳያዩ እርም ማውጣት እንዴት እንደሚከብድ የእኛም አገር ሰው ያውቀዋል። ሐውልት ማቆም የመንግሥት ሥራ ሲሆን፥ የወደቀውን በስሙ ጠርቶ ለልጅ መንገር ግን የየቤቱ ሥራ መሆኑን ከኒህ ወይዘሮ እንማራለን።